ጠባሳ የማይተው መድኃኒት ደርሷል ወይ? ስለ ቁንጭር፣ ስለ ቁስልና ስለ ፀጉር



የዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ርዕስ በዶርም ውስጥ ደጋግመን የምንነጋገርበት ነው። ስልካችንን በከፈትን ቁጥር ጠባሳን በጥቂት ቀናት ያጠፋል፣ የተመለጠ ፀጉር ያበቅላል የሚል ማስታወቂያ ይመጣል። አንዳንዶቻችን ከኪሳችን አውጥተን ገዝተናል። አንዳንዶቻችን ደግሞ በውጭ ሀገር ጠባሳን ጨርሶ የሚያስቀር መድኃኒት ተገኘ የሚል ዜና አንብበን እውነት ይሆን እያልን እንጠይቃለን።

ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ደብረ ታቦርን በከበበው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በሌላውም የሰሜን ደጋ፣ ብዙ ሰው ፊቱ ላይ የማይለቅ ጠባሳ ይዞ የሚኖረው በአደጋ ሳይሆን ቁንጭር በሚባል በሽታ ነው። በጉንጭ ላይ የቀረ ጠባሳ ልጅን ከትምህርት ቤት ያሸሻል፣ ልጃገረድን ፊቷን አሸፍኖ ያኖራል፣ የጋብቻ ጥያቄ ያስቀራል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንማማራለን፦ ጠባሳ ለምን ይቀራል? ያለ ጠባሳ ለማዳንና ፀጉርን መልሶ ለማብቀል የሚሞከሩት መድኃኒቶች የት ደርሰዋል? እነሱ እስኪደርሱልን በእጃችን ያለው ምንድን ነው?

ቁንጭር ምንድን ነው?

የበሽታው የሕክምና ስም የቆዳ ሊሽማንያሲስ ነው። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ በሀገራችን አብዛኛውን የሚያመጣው ዝርያ ሊሽማንያ ኢትዮፒካ ይባላል። ይህን ስም የሰጡት ብሬይና አሽፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጥናት፣ ደሴ አቅራቢያ ኩታበርን ጨምሮ በደጋው አካባቢ ተሕዋሱ የሚኖረው በሽኮኮ ውስጥ መሆኑን አሳዩ። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሸጋግረው የአሸዋ ዝንብ የምትባል በጣም ትንሽ ነፍሳት ናት። ሽኮኮ በገደልና በድንጋይ ስንጥቅ ይኖራል፤ ዝንቧም እዚያው ትራባለች። ከብት የሚጠብቁና ገደል አጠገብ የሚኖሩ ልጆች በብዛት የሚጠቁት ለዚህ ነው።

በሽታው በአብዛኛው የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዎች በቆዳ ሊሽማንያሲስ እንደሚያዙ አስቀምጧል። ብዙው ሰው ወደ ጤና ተቋም ስለማይሄድ በመዝገብ የሚገኘው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

አጀማመሩ ያዘናጋል። ዝንቧ ከነከሰች ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ጆሮ ወይም ከንፈር ላይ ትንሽ እብጠት ትወጣለች። አታምም። ቀስ እያለች ትሰፋለች፣ ቅርፊት ትይዛለች፣ ትቆስላለች። ስለማታምም ቤተሰብ ይተዋታል። አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ ከብዙ ወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ራሱ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ግን ሰርጉዶ የቀረ ጠባሳ ይተዋል። በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ወደ አፍንጫና አፍ ውስጠኛ ክፍል ይገባል ወይም በሰውነት ሁሉ ይበተናል፤ እንዲህ ያለው ራሱን ችሎ አይድንም።

ሁለት ነገሮችን እዚህ ላይ እንያዝ። አንደኛ፣ ቁንጭር እርግማን አይደለም፣ የቡዳ ሥራም አይደለም። ሁለተኛ፣ በመነካካት፣ አብሮ በመብላት ወይም በአንድ ምንጣፍ ላይ በመስገድ አይተላለፍም። ቁንጭር ካለበት ወንድማችን አጠገብ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ለመቆም የሚያስፈራን ነገር የለም።

መድኃኒቱ የሚያደርገውና የማያደርገው

ቁንጭር መድኃኒት አለው። ለረጅም ዘመን የቆየው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለ መርፌ ነው። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ መርፌው በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋል፤ ሰፊ ወይም አስቸጋሪ ቦታ ላይ ከሆነ በጡንቻ ወይም በደም ሥር በየቀኑ ለሳምንታት ይሰጣል። የልብና የጣፊያ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል በሐኪም ክትትል ነው። በጣም በሚቀዘቅዝ ናይትሮጅን ቁስሉን ማቀዝቀዝም አለ። በአፍ የሚወሰደው ሚልቴፎሲን ደግሞ መጀመሪያ ለካንሰር የተሠራ መድኃኒት ሲሆን፣ በጎንደር ለቆዳ ሊሽማንያሲስ ተሞክሮ የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ሕክምናው በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። በሰሜኑ ክፍል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል እና ደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት ይታወቃሉ።

እነዚህ ሁሉ መድኃኒቶች ግን አንድ የጋራ ወሰን አላቸው፦ ተሕዋሱን ይገድላሉ፤ የጠፋውን ቆዳ አይመልሱም። ቁስሉ በበልግ ታክሞ የተዘጋለት ልጅና ቁስሉ ሦስት ዓመት የበላው ልጅ አንድ ዓይነት መርፌ ቢወጉም ፊታቸው ላይ የሚቀረው አንድ አይሆንም። ጠባሳው የሚወሰነው ጉዳቱ ምን ያህል ጠልቆና ምን ያህል ቆይቶ ነበር በሚለው ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ ቆዳ እንዴት እንደሚጠገን እንይ።

ጠባሳ እንዴት ይሠራል?

የምህንድስና ተማሪዎች በሆንነው ቋንቋ እንጀምር። የቆዳችን ጥንካሬ የሚመጣው ኮላጅን ከሚባል የፕሮቲን ክር ነው። በጤነኛ ቆዳ ውስጥ የኮላጅን ክሮች እንደ ሰፌድ በሁሉም አቅጣጫ እየተጠላለፉ ተሠርተዋል። በኮንክሪት ወለል ውስጥ ፌሮ በሁለት አቅጣጫ ተነጥፎ እንደሚታሰር ማለት ነው፤ ከየትም አቅጣጫ ቢሳብ ይችላል።

ቆዳ ጠልቆ ሲቆረጥ ወይም ሲበላ ሰውነት የሚያስቀድመው ቀዳዳውን መድፈን ነው፤ ደም እንዳይፈስ፣ ጀርም እንዳይገባ። ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይመጡና ኮላጅን በጥድፊያ ያመርታሉ። በዚያ ጥድፊያ ክሮቹ አይጠላለፉም፤ ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ ይደረደራሉ። ጠባሳ ይህ ነው። በውስጡ የፀጉር ሥር የለም፣ የላብ ዕጢ የለም፣ የወዝ ዕጢ የለም። ጠባሳ ላይ ፀጉር የማይበቅለውና ጠባሳ በፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚሳሳበው ለዚህ ነው።

ጥንካሬውም አይመለስም። የተሰፋ ቁስል በመጀመሪያው ሳምንት ከጤነኛው ቆዳ ጥንካሬ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ከሦስት ወር በኋላ 80 በመቶ አካባቢ ይደርስና እዚያው ይቆማል። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ኮላጅኑ መቆም ባለበት ጊዜ ሳይቆም ቀርቶ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጠው ኬሎይድ ይበዛል። ጆሮ ከተበሳ በኋላ የሚወጣውን እብጠት ያየን ብዙዎች ነን።

ያለ ጠባሳ የሚድን ፍጥረት አለ

ተመራማሪዎችን ተስፋ ያስያዘው ጠባሳ ለሁሉ የማይቀር አለመሆኑ ነው። በማሕፀን ያለ ፅንስ እስከ ስድስተኛው ወር አካባቢ ቆዳው ቢቆረጥ ያለ ጠባሳ ይድናል። ስለዚህ ሰው ያለ ጠባሳ የሚድንበትን መንገድ በሕይወቱ መጀመሪያ ላይ አልፎበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክር የጎረቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት በኬንያ ስለሚገኙ እሾሃማ ፀጉር ያላቸው አይጦች አስረዳ። እነዚህ አይጦች ጠላት ሲይዛቸው ቆዳቸውን ጥለው ያመልጣሉ። የተገፈፈው ቦታ ከዚያ በኋላ ከነፀጉሩና ከነዕጢው ተመልሶ ይበቅላል። የእነዚህ አይጦች ዘመዶች በሀገራችን ቆላማ ቦታዎችም ይኖራሉ።

ሁለት መድኃኒቶች፣ አንድ ትምህርት

ከፅንሱ የተነሳው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ አቮተርሚን ይባላል። በፅንስ ቆዳ ውስጥ በብዛት የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ተመርቶ በቁስል ጠርዝ ላይ እንዲወጋ ተደረገ። መድኃኒቱን ያዘጋጀው ሬኖቮ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። በመጀመሪያዎቹ የሰው ሙከራዎች ጠባሳን የቀነሰ መሰለ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጨረሻው ትልቅ ሙከራ ሲጠናቀቅ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት ይጠበቅ የነበረው ልዩነት አልታየም። መድኃኒቱ እዚያ ላይ ቆመ።

ሁለተኛው ቨርቴፖርፊን ነው። ይህ አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዓይን በሽታ ተፈቅዷል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተነሱት ምህንድስና ተማሪን ከሚማርክ ጥያቄ ነው፦ ፋይብሮብላስት ጠባሳ እንዲሠራ የሚነግረው ማን ነው? የደረሱበት መልስ ውጥረት የሚል ነው። ቁስል ሲከፈት በዙሪያው ያለው ቆዳ ጠርዞቹን ወደ ውጭ ይስባል። ሕዋሱ ያንን መሳብ ይሰማዋል፤ ያፕ የተባለ ፕሮቲን መልእክቱን ወደ ሕዋሱ እምብርት ያደርሳል፤ ሕዋሱም ጠባሳ ወደ መሥራት ይዞራል። ቨርቴፖርፊን ያፕን ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት መድኃኒቱ የተሰጣቸው አይጦች ቁስል ከነፀጉሩና ከነዕጢው ዳነ፤ የቆዳው ጥንካሬም ካልቆሰለ ቆዳ ጋር ተቀራረበ።

ታላቅ ግኝት ነው፤ በዜናም የሰማነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የአይጥ ቆዳ ልቅ ነው፤ ቁስሉ የሚዘጋው በአብዛኛው በመሰብሰብ ነው። የእኛ ቆዳ ከሥሩ ጋር የተጣበቀና የተወጠረ ነው። በአይጥ የሠራ በሰው ላይ ላይሠራ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቨርቴፖርፊን ጠባሳን ለማስቀረት በሰው ላይ እንዲውል የጸደቀ መድኃኒት አይደለም። የአቮተርሚን ታሪክ የሚያስተምረን በመጀመሪያው ደረጃ ያማረ ውጤት በመጨረሻው ደረጃ ሊፈርስ እንደሚችል ነው።

የፀጉር ነገር

የፀጉርና የጠባሳ ጥያቄ አንድ ሥር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትልልቅ አይጦች ሰፊ ቁስል ሲኖራቸው በቁስሉ መካከል አዲስ የፀጉር ሥር እንደሚፈጠር አሳዩ። የበቀለው ፀጉር ግን ነጭ ነበር። ከዚያ በፊት የፀጉር ሥር የሚፈጠረው በማሕፀን ብቻ ነው ይባል ነበር። በሰው ላይ ይህን የሚያደርግ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ስለዚህ ፀጉሩ የረገፈበት ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የፀጉር ሥሩ አለ ወይስ በጠባሳ ተተክቷል ብሎ ነው። ሥሩ ካለ ተስፋ አለ። ከሌለ በቅባት የሚመጣ ነገር የለም።

ሥሩ ያለበትን እንመልከት። ከከባድ ትኩሳት፣ ከወሊድ ወይም ከብዙ ክብደት መቀነስ ሁለትና ሦስት ወር በኋላ ፀጉር በብዛት ይረግፋል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። በዘር የሚመጣው የወንዶች መመለጥ ሁለት የታወቁ መድኃኒቶች አሉት። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ በሚወስዱት ሰዎች ላይ ፀጉር ሲበዛ ስለታየ በቅባት መልክ ተዘጋጅቶ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈቀደ። ፊናስቴራይድ በ1997 ተከተለ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት ልትወስደው አይገባም። ሁለቱም የሚሠሩት እስከተወሰዱ ድረስ ብቻ ነው። ሰውነት የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃና ፀጉር በክብ በክብ ሲመለጥ ደግሞ ባሪሲቲኒብ የተባለ ክኒን ለከባዱ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የሰውነትን መከላከያ ስለሚቀንስ ያለ ሐኪም የሚነካ አይደለም።

አሁን በእኛ አካባቢ በብዛት ወደሚታየው እንምጣ። በመድረሳም በመደበኛ ትምህርት ቤትም ያለፍን ሁሉ ጭርት የያዘው ልጅ እናውቃለን። ጭርት የራስ ቆዳ ፈንገስ ነው፤ በጋራ ምላጭ፣ በማበጠሪያና በቆብ ይተላለፋል። ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ እንደ ግሪሴኦፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልጋል። አብጦና መግል ይዞ ከቆየ ቦታው ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ያኔ ፀጉሩ ለዘላለም ይቀራል። ሹሩባን አጥብቆ መሠራት ወይም ከሻሽ ሥር ፀጉርን ወደ ኋላ ወጥሮ ማሰርም ለዓመታት ከቀጠለ በግንባር ዳር ያለውን የፀጉር ሥር ይገድላል። እህቶቻችን ላላ አድርጎ ማሰር ብቻውን ሕክምና መሆኑን ይወቁት።

የሙከራ መድኃኒት ሲባል

አንድ መድኃኒት ከቤተ ሙከራና ከእንስሳት በኋላ በሰው ላይ ቢያንስ በሦስት ደረጃ ይሞከራል። በመጀመሪያው በጥቂት ሰዎች ላይ ጉዳት እንዳያመጣ ይታያል። በሁለተኛው መሥራት አለመሥራቱና መጠኑ ይፈተሻል። በሦስተኛው በብዙ ሰዎች ላይ ከነባሩ ሕክምና ወይም ከባዶ መድኃኒት ጋር ይነጻጸራል። በሀገራችን እንዲህ ያለ ሙከራ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊመረምረውና የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሊፈቅደው ይገባል።

በሙከራ ውስጥ እንድንሳተፍ ብንጠየቅ መሳተፍ ነውር አይደለም። ዛሬ ለቁንጭር የምንጠቀምባቸው መድኃኒቶች የታወቁት ሌሎች ሰዎች ለመሞከር በመፍቀዳቸው ነው። ግን እንጠይቅ፦ ስንተኛው ደረጃ ነው? ማን ፈቀደው? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል? ካልፈለግሁ ማቆም እችላለሁ? ለአራቱም ግልጽ መልስ የማይሰጥ ሰው ሙከራ እያካሄደ ሳይሆን በሰው ላይ እየቀለደ ነው። መድኃኒት በስልክ የሚሸጥልን ሰው ደግሞ እኛኑ እያስከፈለ ውጤቱን ማንም በማይመዘግብበት ሁኔታ እየሞከረብን ነው። ስማቸው ያልተጻፈ የፊት ቅባቶች ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ የቆዳን መከላከያ ያዳክማል። ቁንጭር ላይ ቢቀባ በሽታውን ሸፍኖ እንዲሰፋ ሊያደርግ ይችላል።

እስከዚያው በእጃችን ያለው

ጠባሳን የሚያጠፋ መድኃኒት የለንም። ጠባሳን የሚያሳንስ ነገር ግን አለን፤ እሱም ጊዜ ነው።

ቁንጭር ላይ፦ ፊት ላይ የወጣ የማያምም እብጠት ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ጤና ተቋም ይታይ። ምርመራው ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። በጋለ ብረት መተኮስና የሚያቃጥል የዕፅ ጭማቂ መቀባት ተሕዋሱ ካደረሰው በላይ ሌላ ጠባሳ ይጨምራል።

ቃጠሎ ላይ፦ ልጅ ምድጃ ላይ ከወደቀ ወይም የፈላ ውሃ ከነካው ቦታውን በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ የጉዳቱን ጥልቀት ይቀንሳል። ጥልቀቱ ሲቀንስ ጠባሳው ይቀንሳል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃና ቡና አይደረግበት።

በተቆረጠ ቁስል ላይ፦ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እናጥበው፤ አፈር የነካው ከሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንጠይቅ። ሰፊ ከሆነ በቶሎ ይሰፋ፤ መስፋት ውጥረቱን ስለሚቀንስ ከላይ ባየነው ምክንያት ጠባሳው ይጠባል። ቫዝሊን ቀብቶ መሸፈን ደርቆ ከሚሰነጠቅ ቁስል ይሻላል። ቅርፊቱን አንላጥ። ከዳነም በኋላ ለወራት ከፀሐይ እንከልለው። ውዱእን በተመለከተ፣ ውሃ የሚጎዳው የታሰረ ቁስል ላይ በማሰሪያው ላይ ማበስ እንደሚቻል በፊቅህ ተምረናል፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። ቁስልን እያረጠቡ ማባባስ ከዲን የመጣ ግዴታ አይደለም።

መልክን ለማከም መሞከር በአላህ ውሳኔ አለመርካት ይሆን ብለው የሚጨነቁም አሉ። ዐርፈጃ የተባሉት ሰሐባ በጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው በብር አሠርተው ነበር፤ ሲሸትባቸው ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ወርቅ ለወንድ ክልክል መሆኑን እናውቃለን፤ ለጎደለ አካል ግን ተፈቀደ። የደረሰን ጉዳት መጠገን እና በተፈጠሩበት መልክ አለመርካት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

የመዘግየት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ዞናችን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ የውስጥ ደዌ የሆነው ካላአዛር ሲነሳ፣ የቁንጭር ተሕዋስ ዘመድ የሚያመጣው በሽታ ነው፣ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ምንነቱ ተለይቶ ተገቢው ሕክምና እስኪጀመር ብዙ ሰው ሞቷል። ቁንጭር አይገድልም፤ ያልታወቀበትና ያልታከመበት እያንዳንዱ ወር ግን ከፊት ላይ ሥጋ ይወስዳል።

በሴሚስተር እረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በታናሽ ወንድማችን ወይም በጎረቤት ልጅ ጉንጭ ላይ ያችን ትንሽ እብጠት መጀመሪያ የምናያት እኛ ልንሆን እንችላለን። እናት ታልፋለች ስትል፣ ሰፈርተኛው ይተኮስ ሲል፣ የምንናገረው ይኑረን። የስታንፎርዱ ጥናት መድኃኒት ሆኖ ደጋችን ላይ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚወስድ አላህ ያውቃል። ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ግን ነገ ጠዋትም አለ።

ለሐለቃ ውይይት

1. ጠባሳ ላይ ፀጉር የማይበቅለው ለምንድን ነው? ከሰፌዱ ምሳሌ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።

2. አቮተርሚን በመጀመሪያ ሙከራ ያሳየው ውጤት በመጨረሻው ለምን ብቻውን በቂ ማስረጃ አልሆነም?

3. ቁንጭር ያለበት ልጅ በመድረሳችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ቢገለል ለጓደኞቹና ለቤተሰቡ ምን ትላላችሁ?

4. ከወረዳችሁ እስከ ቅርቡ የሕክምና ማዕከል ድረስ ለመሄድ ምን ያህል ቀንና ብር ይፈልጋል? አቅም ለሌለው ቤተሰብ ጀመዓችን የትራንስፖርት ሰደቃ ማሰባሰብ የሚችልበትን መንገድ ተመካከሩ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ። አሚን።